ውስጡ ሰው ያለበት ስልክ

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። አውቶቡስ እስኪሞላ ወርጄ የምንቆራጠጥ፣ ወጥ ሳይበስል ድስት የምከፍት፣ ሰው ሲያወራ መጨረሻውን ቀድሜው የምናገር ሰው ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም ቸኩላ ነው» ትል ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራችሁ ቅዳሜ ለእኔ ምን ዓይነት ቀን እንደነበር ከወዲሁ ይግባችሁ። አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ኮምፒውተር ላይ እየተንፏቀቀ እስኪሞላ ድረስ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ የዋልኩበት ቀን ነው።

ነገሩ የሆነው ሰቆጣ ነው፤ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ በጥር ወር። አባቴ ሰይድ ስኳሩንም ጨርቁንም ሳሙናውንም የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ደሴ ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ከባንኮኒው አንዱን ጫፍ ለቀቀልኝ። እዚያ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ መሣቢያ ሙሉ ኬብልና «ሞባይል ዲኮድ እናደርጋለን» የሚል ካርቶን አስቀመጥኩና ሥራ ጀመርኩ።

ዲኮድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ያን ጊዜ የአገራችን ልጆች ከቤሩትና ከጅዳ ለቤተሰባቸው ስልክ ይልኩ ነበር። ስልኩ ታዲያ እዚያ ለሸጠው ኩባንያ ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። የእኛን ሲም ስትከቱበት ኮድ አምጡ ይላል። ኮዱን የሚያውቅ የለም። እኔ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝና ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ጠራርጌ አጥፍቼ በሌላ እተካዋለሁ። ፍላሽ ማድረግ ይባላል። ባለቤቱ ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ድንጋይ ሆኖ የመጣ ስልክ አብርቶ ሲጮህ የሰው ፊት እንዴት እንደሚፈካ ብታዩ፣ ሥራው ለምን ደስ እንደሚለኝ ይገባችኋል። ከሁሉ በላይ ግን ፍላሽን የምወደው ስለማያስጠብቅ ነበር።

ያን ሰሞን ከአባቴ ጋር አንነጋገርም። ኮምቦልቻ ላለው ለአጎቴ ልጅ ሊድረኝ ከወንድሙ ጋር ቃል ተገባብቶ ኖሯል። ልጁ ክፉ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሲሚንቶ ነው ያወራኝ። ያናደደኝ እሱ ሳይሆን ወሬውን ከጎረቤት መስማቴ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አባቴ በባንኮኒው ያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው ጫፍ ሆነን ለደንበኛ ብቻ እያወራን እንውላለን። ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ተዘጋጅቷል። ሰኞ በወልድያው አውቶቡስ ልሄድ ቆርጫለሁ። ወዴት እንደምሄድ እንኳ አላሰብኩበትም፤ ብቻ መሄድ።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ምስጋናው ገቡ። ማር የሚያመጡልን የደሃና ወረዳ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴ ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው። ኽምጣንጋ አፍ የፈቱበት ስለሆነ አማርኛን ቃል በቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። እኔን የመሰለ ችኩል ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ይቸግረዋል። ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱና ተንሸራታች ሞባይል ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«የልጅ ልጄ አለምነሽ ከቤሩት የላከችው ነው» አሉ። «አልከፈት አለ። የመንደሩ ጎረምሶች ቁጥር ሲነካኩበት ጭራሽ ተቆጣብን።»

አየሁት። ኮድ ለመሞከር የቀረው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። ቢያልቅም ለእኔ ግድ የለኝም፤ ፍላሽ ኮድ አይጠይቅም።

«ሻይዎን ይጠጡ አያ፤ ሳይጨርሱት ይደርሳል» አልኳቸው። ኬብሉን ሰካሁ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። «ውስጡ ሰው አለ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማን ነው ውስጡ ያለው?»

«አለምነሽን ሊያገባት ያለው ልጅ።»

ጣቴን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ እኔ በችኮላ እያለቅኩ፣ ነገሩን አስረዱኝ። አባቷ ስለሞተ አለምነሽን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ቤሩት ውስጥ ከጋዝጊብላ ወረዳ የሄደ ሞላ የሚባል ልጅ አግኝታ ሊጋቡ ነው፤ ሠርጉ በማግስቱ እሑድ ነው። በእነሱ ወግ ደግሞ ተጋቢዎቹ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንደሌላቸው አባት ለአባት ተቆጥሮ ካልተረጋገጠ ጋብቻ የለም። በአካባቢያቸው ቆጣሪው እሳቸው ናቸው። ቆጠራ በወረቀት አይሆንም፤ ባለቤቱ በአፉ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ አለምነሽ ልጁን አባቶቹን እያስቆጠረች በስልኳ ድምፁን ቀዳችው። ከዚያ ስልኩን ወደ አገር ለሚመለስ ሰው ሰጥታ ላከችላቸው። ሞላ የሚሠራው ሌላ ከተማ ስለሆነ የሚደርሰው በሠርጉ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ በስልክ አይገኝም። እሷ ግን ያኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓደኛዋ ስልክ ደውላ መልሱን ትጠብቃለች።

«ለጥሪው አያስቡ» አልኳቸው። «የእርስዎን ሲም በእኔ ስልክ እከተዋለሁ። ግን ይህን ስልክ እኔ በማውቀው መንገድ ከከፈትኩት ድምፁ ይጠፋል።»

«በማታውቂውስ?»

ማወቁን አውቀዋለሁ፤ የማልወደው ረጅም ስለሆነ ነው። ሁለተኛው መንገድ የስልኩን ሶፍትዌር ሳያጠፋ ቁልፉን ብቻ ከውስጥ ፈልጎ ያነሳል። ያለው ሁሉ እንዳለ ይቀራል። ነገር ግን መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ስልኩ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስነሳው የለም። የዚያን ጊዜ የሰቆጣ መብራት ደግሞ አመሉ እንደ እኔ ነው፤ አንድ ቦታ አይረጋም።

«ካልተከፈተስ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ዓይኔን ጨፍኜ እመርቃታለሁ። ከዚያ ግን እስክሞት እንቅልፍ የለኝም።» ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዞሩ። «እኔ የመጀመሪያዋን ሚስቴን ያገባሁት ሳይቆጠር ነው። ልጅ ከወለድን በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ቆጠረና ስድስተኛው ላይ አገናኘን። አፋቱን። ልጁን አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ እያልን አሳደግነው። እኔ ቆጣሪ የሆንኩት ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ እንዲቆጠር።»

ልጁ የአለምነሽ አባት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ ወደ ባንኮኒው ያኛው ጫፍ ሄድኩ። «ጄኔሬተሩን እፈልገዋለሁ» አልኩት አባቴን።

አባቴ እኔን ሳይሆን አያ ምስጋናውን አየ። ጄኔሬተሩን ለሱቁ ፍሪጅ ብቻ ነው የሚያስነሳው፤ ቤንዚን ከወልድያ እስኪመጣ ያለው ለእሱም አይበቃም። ሲጠይቃቸው ነገሩን በአጭሩ ነገሩት። ወዲያው ወጣና የገመዱን እጀታ ሲጎትት ሰማሁት። ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አስነጠሰና ተነሳ። ሱቁ በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጨት ገና ከመጀመሪያው ነርቬን ነካው።

ጀመርኩት። ሰማያዊዋ መስመር ብቅ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጠበቅ ልትሉት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ሕመም ነው የምለው። መስመሯ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ኬብሎቼን በቀለም ለየኋቸው፤ መልሼ ደባለቅኋቸው። ውጭ የጥር ንፋስ አቧራ እያነሳ በሩን ይደበድባል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጄኔሬተሩ የጠፋ እየመሰለኝ ልቤ ትዘላለች። አያ ምስጋናው ግን ሳጥን ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ተደግፈው ፈዘዋል።

«እንዴት ነው እንዲህ የሚቀመጡት?» አልኳቸው ሲያቅተኝ።

«እየቆጠርኩ ነው» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው በእሷ ወገን ያለውን ቆጠሩልኝ፤ ከአባቷ ጀምረው። «ተስፋዬ። ምስጋናው፣ እኔ። ወልዴ። ገብሩ። ኃይሉ። ድልነሳ። ባያብል። ሰባት። ባያብል ሁለት ወንዶች ነበሩት። ድልነሳ ደሃና ቀረ። ሌላው ጓዴ የሚባለው በክፉ ቀን ከብቱን ይዞ ወደ ተከዜ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሞተም አሉ፣ ዘር አልተካም አሉ። አባቴ ስሙን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ እስከ ስንት ትደርሻለሽ?»

«ሰይድ፣ ሙሐመድ፣ ይመር...» ብዬ ቆምኩ።

«አሊ» አለ አባቴ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ጀርባውን እንደሰጠን። «ከዚያ እንድሪስ።» ከዚያም ለሽማግሌው ያህል፣ «የኛ ሕግ እንኳ ሌላ ነው አያ። የአጎት ልጅ ይፈቀዳል። ለእሷም የወንድሜን ልጅ አስቤላት ነበር።»

«መልካም። እሷስ ምን አለች?»

«ሴት ልጅ ምን ትላለች፤ ትሽኮረመማለች እንጂ።»

«እኔ መቼ ተሽኮርምሜ አውቃለሁ?» አልኩ።

አባቴ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ጄኔሬተሩ ማሳል ጀመረ። የብርጭቆዎቹ ድምፅ ተለወጠ። መስመሯ ከግማሽ አልፋለች፤ አሁን ከጠፋ ሁሉም ነገር አለቀ። አባቴ ተንደርድሮ ወጣ፤ ተከተልኩት። የጄኔሬተሩ ታንከር ሊደርቅ ነው። ደጃፍ የቆመውን ሞተር ሳይክሉን ክዳን ከፈተ፣ ጎማ ቱቦ ከተተበትና በአፉ ሳበ። አንዴ ሳበ፣ ተፋ። ሁለተኛ ሲስብ ቤንዚኑ አፉ ውስጥ ገባ፤ እያቅለሸለሸው ቱቦውን በጀሪካን ውስጥ ደቀነው።

«እየሠራ እያለ ልትጨምርበት ነው? ሊያቃጥልህ ይችላል» አልኩት።

«ሂጂ፣ ስልኩን ጠብቂ» አለኝ። ጀሪካኑን አንስቶ በጥንቃቄ፣ ቀስ ብሎ አንቆረቆረ። በሕይወቴ ያን ያህል ቀስታን የወደድኩበት ቀን የለም።

መስመሯ ሞላች። ስልኩ ጠፋ፤ ለረጅም ጊዜ የጠፋ መሰለኝ፤ ከዚያ በራ። መሞከሪያ ሲም ከተትኩበት። ኮድ አልጠየቀም። ድምፆች የሚቀመጡበትን ከፈትኩ፤ አንድ ብቻ ነበር።

በልማዴ፣ መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ በጆሮ ማዳመጫ ቀድሜ ሰማሁት። ልጁ አፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላው የሴት ሳቅ ይሰማል። «እኔ ሞላ ነኝ» አለ። «አባቴ በላይ። ንጉሤ። አብተው። መርሻ። እሸቴ። ከዚያ ጓዴ። ጓዴ ከደሃና ከብት ይዞ የወረደው ነው። የጓዴ አባት ባያብል ነው፤ ከዚያ በላይ አልተነገረኝም።»

ጆሮ ማዳመጫውን አላወለቅሁም። ያን ሁሉ ቤንዚን፣ ያን ሁሉ መንቆራጠጥ ያፈሰስነው የልጅቷን ሠርግ ለማፍረስ ኖሯል። አውራ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ሄደች። አንድ ጊዜ ብጫን ድምፁ የለም። «ተበላሽቷል አያ» እላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመርቃሉ፤ አለምነሽ ነገ ታገባለች። ደግ ነገር የማደርግ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። አለምነሽ ሳታውቅ፣ ሳትጠየቅ፣ እኔ ሰቆጣ ቁጭ ብዬ ዕድሏን ልወስንላት ነው። እኔ ላይ ሲደረግ ሻንጣ ያስቋጠረኝ ነገር ይኸው ነበር።

«ተከፈተ?» አሉ አያ ምስጋናው።

«ተከፈተ» አልኳቸው፤ ድምፁንም ከፍ አድርጌ ለቀቅኩላቸው።

ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በጣቶቻቸው እያጠፉ አብረው ቆጠሩ። ጓዴ ላይ ሲደርስ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። እስኪያልቅ አልተነፈሱም። እኔ የምጠብቀው ቁጣ ወይም ሐዘን ነበር።

«ጓዴ ተርፏል» አሉ። «ሰይድ፣ ሰማህ? ጓዴ ዘር ተክቷል።»

እንባቸው ወረደ። ደግሜ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛም አሰሚኝ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ፤ ደስታው ምን ይዞ እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የታያቸው። «ሕጉ ሰባቱን መሻገር ነው» አሉ ለራሳቸው። «አልተሻገረም።»

ስልኬ ሲጮህ ሦስታችንም ደነገጥን። ስፒከሩን ከፍቼ ሰጠኋቸው። በሩቅ፣ በሚንሾካሾክ መስመር ውስጥ የሴት ድምፅ «አባዬ፣ ደህና ነህ? ሰማኸው?» አለ።

«ሰማሁት ልጄ። የጓዴ ዘር ነው፤ የጠፋው የጓዴ። ሰባተኛው ላይ ባያብል ያገናኛችኋል።»

መስመሩ ላይ የመኪና ጥሩንባ ብቻ ተሰማ። እኔ መናገር ጀምሬ ነበር፤ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«እንግዲህ አይሆንም ማለት ነው?» አለች።

ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሕጉ አይሆንም ይላል። እኔን በሕጉ ሲያፋቱኝ ማንም የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ልጠይቅሽ፤ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ካርዱ ያለቀባት መሰለኝ።

«እፈልገዋለሁ አባዬ» አለች። «ግን አንተ እያዘንክ አይሆንልኝም።»

«እኔ አላዘንኩም። ሁለቱ ወንድማማቾች ተገናኙ ብዬ እቆጥረዋለሁ። ያልኩሽን ለሚያጋባችሁ ካህን ሳትደብቂ ንገሪው። የእኔ ምርቃት ግን ይኸው» አሉና መረቋት። ምርቃቱን በኽምጣንጋ ነው ያደረጉት። በገበያ የለቃቀምኳት ኽምጣንጋዬ ሁሉንም አልያዘችልኝም፤ እሷ ግን እያለቀሰች አሜን ስትል ሰማኋት። ካህኑ ነገሩን ሰምቶ ማጋባቱን በኋላ አወቅን።

ስልኩን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩት። «ድምፁ ይጥፋ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምን ይጠፋል? ሲወልዱ ልጃቸው ይቆጥርበታል።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ከእንግዲህ ለቆጠራ አልቀመጥም። ለራሴ ልጅ ያለፍኩትን ለሌላው ልከለክል አልችልም። ለሰው ንገሩልኝ፤ ሌላ ይፈልጉ።» እንደዚያ ብለው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከበሩበትን ወንበር እኛ ሱቅ ደጃፍ ጥለውት ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን የማላስታውሰው ስልክ ከፍቻለሁ። የተቆለፈ ስልክ መክፈት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አንዲት ልጅ በላቧ ገዝታ የላከችው ስልክ የሷና የቤተሰቧ እንጂ የሻጩ ኩባንያ አይደለም፤ ስለዚህ ይከፈት ባይ ነኝ። ነገር ግን ስትከፍቱ የሚጠፋ አለ፣ የሚሞት አለ፣ ባይታወቅ ይሻል ነበር የምትሉትም ይወጣል። ፍላሽ የሚያደርግላችሁ ሰው ከመንካቱ በፊት «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ ካልጠየቃችሁ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። እኔ ያን ቀን ጠይቄ አልነበረም፤ ሽማግሌው ቀድመው ነገሩኝ እንጂ። አሁን ሁሉንም እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ አንዳንዴ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

እሑድ ጠዋት አባቴ ወተት ይዞ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። እስካሁን አፌ ቤንዚን ቤንዚን ይላል አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባዶውን መንገድ እያየ ብርጭቆውን በእጁ አሽከረከረው። ስለ ሻንጣዬ ማወቅ አለማወቁን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

«ዘሃራ» አለኝ። «ስለ ኮምቦልቻው ነገር። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ለሁሉም ነገር መልስ ቀድሞ የሚወጣኝ እኔ፣ አፌ አልከፈት አለ። ለቀናት በልቤ ስጮኸው የነበረ «አልፈልግም» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ግን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ወተቱ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ። አባቴ አልተነሳም፣ አላቻኮለኝም። ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።